ጆሮዬን በገዛ እጄ ሳስተካክል

ስምንት ዓመት ሙሉ ወረታ ውስጥ ከሩዝ ወፍጮ ሥር ቆሜያለሁ። ጠዋት ጠዋት ለሙያ ሠልጣኞች ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከባለቤቴ ወንድም ከዳኘው ጋር በሽርክና የገዛነውን መፈልፈያ አንቀሳቅስ ነበር። የወፍጮ ቤታችን ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ስለሆነ ዲናሞው ሲነሣ ድምፁ መውጫ ያጣል። ገበሬው ሩዙን ወቅቶ በሚያስገባበት ወራት የሰፈሩ ወፍጮ ሁሉ አንድ ላይ ይጮሃል። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ አላውቅም። ደንበኞች ጆሯቸውን ይዘው ሲገቡ እንስቅባቸው ነበር። “እኛ ለምደነዋል” እንል ነበር። ያ ለመድነው ያልነው ነገር የጆሯችን መሞት እንደሆነ የነገረን ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው በወፍጮ ቤት፣ በብየዳ ቤትና በእንጨት ሥራ ቤት ለሚውሉ ሰዎች ነው። ደግሞም እንደ እኔ የመስሚያ መሣሪያ በኢንተርኔት አስመጥተው በራሳቸው ሊያስተካክሉ ለሚያስቡ። እኔ አድርጌዋለሁ፤ ጠቅሞኛልም ጎድቶኛልም።

መጀመሪያ የመጣው ጭውታ ነው። ወፍጮው ጠፍቶ ቤቴ ስገባ እንኳ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮህ ፌንጣ የገባ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ ቃላት ይሸራረፉብኝ ጀመር። ባለቤቴ እንጉዳይ “ሽሮ አልቋል” ስትል እኔ “ዶሮ” ብዬ እሰማና “ምን በዓል አለና ነው?” እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። እየቆየ ግን ነገሩን ሦስት ጊዜ መድገም ሰለቻት። “አንተ እኮ ሰው የሚልህን መስማት ትተሃል” አለችኝ አንድ ቀን። ልቤን ከእሷ ያነሣሁ መስሏት ነው። ከዚያ ወዲህ የግድ የሆነውን ብቻ ለእኔ እየነገረች፣ የቀረውን ጨዋታዋን ለጎረቤት ማውራት ጀመረች። ቤታችን ዝም አለ። ዝም ማለቱን እንኳ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

በክፍል ውስጥ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። አንዲት ሠልጣኝ ከኋላ ተነሥታ “መምህር፣ ፊውዙ ሲቃጠል ምን እናድርግ?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የሰማሁት “ሩዙ ሲቃጠል” የሚል ነው። ወፍጮ እንዳለኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ያሾፈችብኝ መሰለኝ። “ከክፍሌ ውጪ” አልኳት። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ እያለቀሰች ወጣች፤ ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እውነቱን ከሥራ ባልደረባዬ የሰማሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

መታከም የጀመርኩት ያኔ ነው፤ በድብቅ። እዚያው ወረታ ያየኝ ባለሙያ “ኩክ ደርቆ ነው” ብሎ አጠበልኝ። ሁለተኛው “ምርቀዛ አለው” ብሎ የዐሥር ቀን እንክብል ሰጠኝ፤ ሆዴ ተበላሸ እንጂ ጆሮዬ እንዳለ ነው። አማቴ “ምች መትቶህ ነው” ብለው ጤና አዳም አሽተው ጠብታውን ጆሮዬ ውስጥ ጨመሩልኝ። ሰባት ቀን ጠበል ተጠመቅሁ። በጠበሉ ልቤ ዐርፏል፣ አልዋሽም፤ ፌንጣው ግን አልወጣም። ከዚያ በኋላ የከንፈር እንቅስቃሴ እያየሁ፣ ያልገባኝን እየሳቅሁ ማለፍ ተማርኩ። መምህር ሰው “አልሰማም” ማለት ያሳፍረዋል። በእኛ ቋንቋ ጆሮ የሌለውም አእምሮ የሌለውም ስማቸው አንድ ነው፤ ደንቆሮ።

ይህ መደበቅ ነው እት ውዴን የጎዳት።

እት ውዴ ከወረታ አጠገብ ያለው የቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ገበሬ ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ መሬቷን ራሷ የምታሳርስ፣ በየዓመቱ ሩዟን እኛ ዘንድ የምታስፈለፍል ሴት ናት። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በወረፋ ምክንያት ተጋጭተን ነበር። ከእሷ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሟታል ብላ ተቆጣች፤ እኔም ግማሹን ሳልሰማ ተቆጣሁ። ከሰዓት በኋላ ተራዋ ደርሶ ሩዟ ሲገባ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ማብሪያ ማጥፊያው አጠገብ ቆሜያለሁ። እሷ የፈሰሰ ሩዝ ልታፍስ ጎንበስ ስትል የጋቢዋን ጫፍ ቺንጋው፣ መፈልፈያውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ያዘው። ጋቢውን ተከትሎ እጇን ወደ መዘውሩ ሳበው።

ጮኸች። ውጭ ሩዝ ሲመዝን የነበረው ዳኘው ሰማ። ማዶ ሱቅ የነበሩት ሰሙ። እኔ አራት እርምጃ ርቄ፣ እጄ ከማጥፊያው አንድ ክንድ ላይ ሆኖ፣ አልሰማሁም። ከይፋግ የመጣ አንድ ገበሬ በትከሻዬ ገፍቶ ጣለኝና ራሱ አጠፋው። ከወደቅሁበት ቀና ስል ያየሁትን ዛሬም ማውራት አልወድም። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር።

ባሕር ዳር ወስደን አሳከምናት፤ እጇ ታሰረ። በከተማው የሚወራው ግን ሌላ ሆነ። “ጠዋት ተጣልተው ነበር። እየሰማ ነው ዝም ያላት።” እንጉዳይ ገበያ ወጥታ ፊቷ ጠቁሮ መመለስ ጀመረች።

በጥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሰበሰቡን ቄስ ሞገስ የሚባሉ የሰፈሩ አባት ናቸው። እት ውዴ እጇን በነጠላ አንግታ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

“በሉ እስቲ፣ አንቺ ተናገሪ” አሏት።

“ምን እናገራለሁ አባ? ጮህኩ፣ ጮህኩ፣ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም። ውሻ ሲጮህ እንኳ ሰው ዘወር ይላል” አለች።

ቄስ ሞገስ ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ ማዶ ያለው ሰው የሰማውን አንተ አጠገቧ ቆመህ እንዴት አልሰማህም?”

ሁለት መንገድ ነበረኝ። ክፉ ሰው ተብዬ መቅረት ወይም መናገር። እንጉዳይ ከሴቶቹ ጋር በሩ አጠገብ ቆማ ታየኛለች።

“ጆሮዬ አይሰማም አባ” አልኩ። “ዓመታት ሆኖታል። ለሚስቴም አልነገርኳት። ደንቆሮ ነኝ።”

እንጉዳይ ነጠላዋን አፏ ላይ ስታደርግ አየኋት። ሰዉ አጉረመረመ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እት ውዴ ግን ቃል በቃል እንድሰማት ፊቷን አቅንታ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

“ደንቆሮ ከሆንክ እዚያ ማጥፊያው ላይ ምን አቆመህ?”

ይህን እኔም ሽማግሌዎቹም አልመለስንላትም። የሕክምናዋን ወጪ ልንችል፣ እሷም ይቅር ልትል ተፈረደ። “ይቅር ብያለሁ” አለች መሬት መሬቱን እያየች። በማግስቱ ብየዳ ቤት ሄጄ የቺንጋው መሸፈኛ የሚሆን የብረት ወንፊት አሠራሁ። ስምንት ዓመት ያላደረግሁት ነገር በአንድ ቀን ተገጠመ። ከዚያ ወዲህ ከወፍጮው ፊት ቆሜ አላውቅም፤ ዳኘው ሌላ ሰው ቀጠረ።

በየካቲት ከእንጉዳይ ጋር ባሕር ዳር ወደ አንድ የጆሮ ክሊኒክ ሄድን። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እንጉዳይ “እኔ እኮ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር” አለችኝ፤ እኔ ከንፈሯን አያለሁ። “ሌላ ሴት ያለህ ሁሉ መስሎኝ ነበር።” እጄን ያዘችኝ። በዚያ ዓመት ካገኘሁት ምሕረት ትልቁ ይህ ነው።

መስማቴን የለኩልኝ ሲስተር ማኅደር የሚባሉ ባለሙያ ናቸው። ድምፅ በማያስገባ ጠባብ ክፍል አስቀምጠው፣ ቀጫጭንና ወፋፍራም ድምፅ እያሰሙ፣ ስሰማ ቁልፍ እንድጫን አደረጉኝ። ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማኝ ቆየሁ፤ መሣሪያው የተበላሸ ሁሉ መስሎኝ ነበር። ሲያበቁ ወረቀት ላይ የወረደውን መስመር አሳዩኝ።

“በጩኸት የሞተ ጆሮ ነው። በመድኃኒት አይመለስም። ‘ሰ’፣ ‘ሸ’፣ ‘ፈ’ የመሳሰሉትን ቀጫጭን ድምፆች ነው ያጡት። ግራዎ ከቀኝዎ ይብሳል፤ በዚያ በኩል ነው ለማሽኑ ይቆሙ የነበረው?”

“አዎ” አልኩ።

“የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልግዎታል፣ ለሁለቱም።” ዋጋውን ሲነግሩን የአንድ ዓመት ደመወዜን ጠቅልሎ የሚወስድ ሆነ። እንጉዳይ አመሰገነቻቸውና ተነሣን። ዋናው ወረቀት ከመዝገቤ ጋር ቀረ፤ ለእኔ የተሰጠኝ በጥቁርና ነጭ የተባዛው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ድፍረት ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ፣ ሰው የተጠቀመባቸው መስሚያዎች በርካሽ እንደሚሸጡ፣ ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኛቸው ሣጥንና ኬብልም እንዳለ፣ ሶፍትዌሩ ከተገኘ ባለቤቱ ራሱ ሊያስተካክላቸው እንደሚችል አወቅሁ። ኤሌክትሪክ የማስተምር ሰው ነኝ፤ “ይህ ምን ያቅተኛል?” አልኩ። ከዚህ ሆኖ በኢንተርኔት መክፈል ስለማይቻል ዱባይ የምትሠራው የእንጉዳይ እኅት ገዛችልኝ። ሶፍትዌሩን ለማውረድ ብዙ ተቸገርኩ። በዚያ ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ለሳምንታት ይጠፋ ስለነበር ባሕር ዳር ኢንተርኔት ቤት ሁለት ቅዳሜ ተመላልሼ ነው የጨረስኩት። ዕቃው ከፋሲካ በፊት በሰው እጅ መጣ። ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ መሣሪያዎች ናቸው፤ ባትሪያቸው የምስር ፍሬ ታክላለች።

አንድ እሑድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላፕቶፑ የግራውን መሣሪያ አላየውም፤ ለካ ኬብሉን ገልብጬ ሰክቼው ነው። ሁለቱም ሲታዩ ሶፍትዌሩ የመስማት ልኬቴን እንዳስገባ ጠየቀኝ። የተባዛውን ወረቀት አወጣሁ። ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ በክብ ምልክት፣ አንዱ በመስቀል። ዋናው ወረቀት ላይ ቀይና ሰማያዊ ነበሩ፤ የእኔው ላይ ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የትኛው የየትኛው ጆሮ ነው? ለሲስተር ማኅደር መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ግራዬ እንደሚብስ የተነገረኝን እንኳ ከመስመሮቹ ጋር ሳላስተያይ፣ “መስቀል ቀኝ ነው መቸም” ብዬ ገባሁበት። የእኛ ሰው መስቀልን ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ አያስበውም።

መሣሪያዎቹን አጠለቅሁና ከፈትኳቸው። መጀመሪያ አፉጩ። ድምፁ ከጆሮዬ አምልጦ ተመልሶ ይገባባቸው ነበርና ጫፋቸው ላይ ያለውን የጎማ ቆብ በትልቅ ቀየርኩት። ፉጨቱ ሲቆም እንጉዳይ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ አፏን በእጇ ሸፈነችና “ሳሙና” አለች።

“ሳሙና” አልኩ።

“ሻሽ።”

“ሻሽ።”

“የሰፌድ ስፌት።”

“የሰፌድ ስፌት” አልኩ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ድምፁ ጠንከር ይላል፣ ቀኜን ትንሽ ይወጋኛል። ግን በደስታ ውስጥ ማን መውጋቱን ይቆጥራል? ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ማታ አደረግኋቸው። ክፍል ውስጥ ጠመኔ ሲያፏጭ፣ ወንበር ሲንፏቀቅ ራሴን እስኪያዞረኝ ታገሥኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መሣሪያውን ሳላደርግ ስነሣ ቀኝ ጆሮዬ በጥጥ የተደፈነ ያህል ሆኗል። ፌንጣው በዕጥፍ ይጮሃል። ስልክ አነሣበት የነበረው፣ ደህና ነው የምለው ጆሮ እሱ ነበር። በዚያ ጆሮ እንጉዳይን ስሜን አስጠራኋት፤ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የምትጠራኝ መሰለችኝ።

“ምን አደረግኩ?” አልኳት።

“እኔ አላውቅም። አሁኑኑ እንሂድ” አለች።

በሚኒባስ ተሳፈርን። የቀረችኝን ጆሮ በገዛ እጄ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ለረዳቱ ሒሳብ መክፈል እንኳ ረስቼ የከፈለችው እንጉዳይ ናት።

ሲስተር ማኅደር መሣሪያዎቹንም ላፕቶፑንም አየት አደረጉ። አልጮሁብኝም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

“መስቀሉ ግራ ነው። ክቡ ነው ቀኝ። ለተጎዳው ጆሮ የታሰበውን ኃይል ደህና ላለው ሰጡት። ሦስት ቀን ሙሉ ቀኝ ጆሮዎን ወፍጮ ቤት መልሰው አስገቡት ማለት ነው።”

እንደገና ለኩኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ለኩኝ። አብዛኛው ተመልሷል፤ በአንድ ቦታ ላይ ግን መስመሩ ዝቅ እንዳለ ቀረ። ዛሬም ዝቅ እንዳለ ነው። ያንን ያደረገው ወፍጮው ሳይሆን እኔ ነኝ።

ሲስተር ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ አንድ ከሰዓት ሙሉ አብረውኝ ተቀመጡ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። “ዋጋውን ስነግርዎ ተመልሰው እንደማይመጡ አውቄ ነበር። ይህንን እንደሚያደርጉ ባውቅ ግን ወረቀቱን በቀለም እሰጥዎ ነበር” አሉኝ። ሶፍትዌሩ ውስጥ ድምፅ ከልክ እንዳያልፍ የሚያግደውን ጣሪያ የት እንደማገኝ አሳዩኝ። መጀመሪያ ከሚያስፈልገው ዝቅ አድርጎ መጀመርን፣ በየሁለት ሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ማድረግን አስተማሩኝ። እኔ ስነካካ እሳቸው ያዩ ነበር። ስለዚህ በራሴ አስተካከልኩት ብዬ አልኮራም፤ የሚያውቅ ሰው ባያየኝ ኖሮ ዛሬ ሁለቱም ጆሮዎቼ አይኖሩም ነበር። ለመግዛት ያሰባችሁ መጀመሪያ በባለሙያ ታዩ፤ ልኬታችሁን በቀለም ተቀበሉ፤ የሚወጋ ነገር ከተሰማችሁ ወዲያው አውልቁ።

ስንመለስ ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ቆመ። ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። የሴቶቹን ድምፅ፣ የሳንቲሙን ድምፅ፣ የላስቲኩን መንኮሻኮሽ ለየብቻ ሰማሁ። ሰው የሚጠላውን ግርግር እኔ ተደሰትኩበት።

ክረምቱን ሙሉ ግን አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። የእት ውዴ ጥያቄ እንዳለ ነው። በመስከረም፣ ውኃው ከሜዳው ሸሸት ሲል፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጭቃው ውስጥ ወደ ቁሐር ሄድኩ። ከሩዙ መካከል እንቁራሪቱ ይንጫጫል። ስምንት ዓመት በዚያ ሜዳ ዳር ኖሬ ይህን ሁሉ እንቁራሪት አልሰማሁትም ነበር።

እት ውዴ ተቀበለችኝ። እንደ እንግዳ ቆዳ አንጥፋ አስቀመጠችኝ።

“እጅዎ እንዴት ነው?” አልኳት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት።

“ተመስገን፣ ድኗል” አለች ጮክ ብላ፣ እንድሰማት።

ጠላ ልታመጣልኝ ወደ ጓዳ ገባች። እዚያ ትልቋ ልጇ ነበረች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚነጋገሩት፤ እኔ እንደማልሰማ ያውቃሉ።

“ለምን አትነግሪውም?” አለች ልጇ።

“ምን ብዬ? ከሳሽ ሁኜ ልኑር? መቅጃውን አንሺው፣ እኔ ጣቶቼ አይጨብጡልኝም። ማረሙንስ እንግዲህ አንቺው ታርሚዋለሽ። እሱም ደንቆሮ ሆኖ ቀርቷል፣ ይበቃዋል።”

ልጇ ጠላውን ይዛ ወጣች። እት ውዴም ተከትላት ወጣች፣ ግራ እጇን ነጠላዋ ሥር አድርጋ። ጠጥቼ መሄድ እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም።

“እት ውዴ፣ ሰምቻለሁ” አልኳት።

ከጆሮዬ ኋላ ያለውን ነገር በጣቴ አሳየኋት። ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ ፊቷ ተቀየረ፤ በልጇ ፊት ያፈረችም የተቆጣችም መሰለኝ።

“ምኑን ነው የሰማኸው?”

“ሁሉንም። ጣቶችዎ እንደማይጨብጡ ሰምቻለሁ።”

“እኔ እንኳ ይቅር ያልኩህ ከአፌ ነበር” አለች። “ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ከልቤ አልወጣ አለኝ። ይህን ደግሞ ሰምተኸዋል?”

“ሰምቻለሁ።”

“እንግዲያ ልክ ነው። ጥሩ ነው የሰማኸው።”

በሳምንቱ በሚኒባስ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰድኳት። ከጠዋት ጀምሮ ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ አልጋ ሲገፋ ይንቋቋል፣ ሰው በየአቅጣጫው ይጠራራል። እት ውዴ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ፣ በደኅናው እጇ የታመመውን እጇን ደግፋ ይዛ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላለች። ስለሚሆነው ነገር ፈርታ ነበር። ሐኪሞቹ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ ሊታሰር ይችላል ብለዋታል።

ከመተላለፊያው ጫፍ አንዲት ነርስ ካርድ ይዛ ብቅ አለችና አንድ ስም ጠርታ ወዲያው ወደ ውስጥ ተመለሰች። በዚያ ጫጫታ ውስጥ ማንም ቀና አላለም።

“ይነሡ” አልኳት። “እርስዎን ነው የጠሩት።”

“ሰምተሃል?” አለች።

“ሰምቻለሁ።”

ደኅናውን እጇን ዘረጋችልኝ፤ ይዤ አስነሣኋት።